«ከገባሁ ይቆርጡታል»፦ የአንድ ፍርሃት ታሪክ

ሦስት ነን። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ዶርም ውስጥ አብረን ኖረናል። ስለ ፍቅር፣ ስለ ውጤት፣ ስለ ቤተሰብ ጣጣ ያልተማከርነው ነገር የለም። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለን ነበር። ባለፈው ወር አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን ማኪያቶ አዘን ተቀምጠን ሳለ ከሦስታችን አንዷ ዝም አለች። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ከዚያ «አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው፤ ግን እንዳትጮኹብኝ» አለች።

ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አለ። አያምም። በጣት ሲነኩት ሸርተት ይላል። አራት ወር ሆኖታል።

እኛም ጮኽንባት። አራት ወር ሙሉ! ለምን ሐኪም ቤት አልሄድሽም? መልሷ አጭር ነበር፦ «ከገባሁ ይቆርጡታላ!»

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጅ ሳለች አክስቷ «ትንሽ ነገር አለብኝ» ብላ ሆስፒታል ገባች። ወጥታ ቤት ስትመጣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ደርባ፣ በእጇ ጭብጥ አድርጋ ይዛው ነበር። በቤቱ ውስጥ ማንም ምንም አላለም። የበሽታው ስም እንኳ አልተጠራም፤ «ያ ነገር» ነው የተባለው። ጓደኛችን የምታውቀው ታሪክ ይኸው ነው፦ ገባች፣ ተኛች፣ ጎድላ ወጣች።

እኛ የጋዜጠኝነት ምሩቃን ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። እብጠቱ ምን እንደሆነ ልንነግራት አንችልም። የምንችለው ማንበብና መጠየቅ ነው። ለመሆኑ ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? እውነት ነው ወይስ ቅዠት? ብለን ፍለጋ ገባን። ያገኘነው ነገር አስደነገጠን፤ ደስም አሰኘን። ጓደኛችን የፈራችው ነገር ቅዠት አልነበረም። የዛሬ 50 ዓመት ገደማ፣ ያውም በሠለጠነችው አሜሪካ፣ በእርግጥ የሚደረግ ነገር ነበር። እንዲቀር ከታገሉት ሴቶች አንዷ ደግሞ የኛው የሙያ ባልደረባ ናት። እስቲ ከሥሩ እንጀምረው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንግሥቲቱም ደብቃው ነበር

እብጠትን መደበቅ በእኛ ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስለ ንግሥት አቶሳ ይተርካል። አቶሳ የፋርሱ ንጉሥ የቂሮስ ልጅ፣ የዳርዮስ ሚስት ናት፤ የሁለቱን ነገሥታት ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቀዋለን። ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ትንሽ ሳለ አፍራ ለማንም ሳትናገር ያዘችው። ፈርጦ መስፋፋት ሲጀምር ግን ዴሞኬዴስ የተባለውን ግሪካዊ ሐኪም አስጠራች። ሐኪሙ ተማርኮ የመጣ ሰው ስለነበር ልቡ ያለው አገሩ ነው። የሚጠይቃትን እንድትፈጽምለት አስማላትና አዳናት። ውለታውም ባሏን ወደ ግሪክ እንዲዘምት እንድትገፋፋው ነበር፤ በዚያ ሰበብ አገሩ ሊገባ!

እብጠቱ ምን ነበር? ካንሰር ነው? መግል የቋጠረ እባጭ ነው? ከታሪኩ ተነሥቶ መለየት አይቻልም። እኛን የገረመን ግን የዓለምን ግማሽ የሚገዛ ሰው ሚስት፣ ሐኪም በደጇ ያላት ሴት፣ አፍራ መደበቋ ነው። ታዲያ በአራት ወሯ ጓደኛችን ላይ መጮኻችን ተገቢ ነበር?

ከሄሮዶቱስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የተጻፈ አንድ የግብፅ ፓፒረስም አለ። ሐኪሙ በጡት ላይ ባለ እብጠት ላይ እጁን እንዲያኖር፣ ይሞቅ ወይም ይቀዘቅዝ እንደሆነ፣ ፈሳሽ ይኑረው አይኑረው እንዲለይ ያስተምራል። ለቀዝቃዛውና ለተስፋፋው እብጠት ግን መድኃኒት የለውም ይላል። ልብ በሉ፤ መመርመር፣ ማለትም ይህኛውን ከዚያኛው መለየት፣ ያኔም ነበር። የጎደለው ከእጅ ያለፈ መሣሪያ ነው።

እጅ ብቻ በነበረበት ዘመን

ያ ጉድለት ምን ያህል እንዳስከፈለ የምታሳየን እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፋኒ በርኒ ናት። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1811 ፓሪስ በሚገኘው ቤቷ ውስጥ የናፖሊዮን ጦር ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም የነበረው ላሬ ጡቷን ቆረጠው። ማደንዘዣ የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ፊቷ ላይ ስስ መሐረብ ጣል አደረጉባት፤ እሷ ግን በመሐረቡ ውስጥ የብረቱን ብልጭታ ታይ ነበር። ይህን ሁሉ በኋላ ለእኅቷ በረጅም ደብዳቤ ጽፋዋለች። ደብዳቤውን ጽፋ ለመጨረስ ወራት ፈጅቶባታል፤ መልሳ ማንበብ እንኳ አቅቷት ነበር።

በርኒ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራ በ1840 በ87 ዓመቷ ሞተች። ካንሰር ነበር? ሐኪሞቿ ነው ብለው አምነዋል። ማረጋገጫ ግን አልነበራቸውም። ካንሰር ከነበረ ያ ቢላዋ ሕይወቷን አተረፈ፤ ካልነበረ ያ ሁሉ ስቃይ በከንቱ ነበር። የትኛው እንደሆነ እሷም ሳታውቅ ሞተች፤ እኛም አናውቅም።

ከዚህ ቀዶ ጥገና 18 ዓመት በኋላ፣ በ1829፣ የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ሰር አስትሊ ኩፐር ስለ ጡት በሽታዎች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ቁም ነገር ዛሬ ቀላል ይመስላል፦ ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። አንዳንዱ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ወጣት ሴቶች ላይ የሚወጣ፣ ጠንከር ያለ፣ ሲነኩት የሚንሸራተት፣ የማይገድል እብጠት ነው። ይህን ሁለተኛውን ዛሬ ሐኪሞች ፋይብሮአዴኖማ ይሉታል፤ በእኛ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ጡት ላይ በብዛት ከሚገኙት እብጠቶች አንዱ ነው። ኩፐር ይህን የለየው በእጁና በዓይኑ፣ እንዲሁም ተቆርጦ የወጣውን እየሰነጠቀ በማየት ነው።

ተኝቶ መግባት፣ ጎድሎ መንቃት

ከዚያ ዓለም ተለወጠ። በ1846 ቦስተን ውስጥ ኤተር በተባለ ማደንዘዣ ሰው አስተኝቶ መቅደድ እንደሚቻል በሕዝብ ፊት ታየ። ማይክሮስኮፕም ካንሰር ያለበትን ሥጋ ከሌለበት ለመለየት ዋለ። በ1894 ደግሞ ባልቲሞር የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ሃልስቴድ በስሙ የሚጠራውን ቀዶ ጥገና ውጤት ይፋ አደረገ። ጡቱን ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብቱን እጢዎች አንድ ላይ ጠርጎ ነው። ደረት ይጎደጉዳል፤ ክንድ ያብጣል። የሃልስቴድ ሐሳብ ካንሰር ከመሐል ወደ ዳር የሚስፋፋ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ ያድናል የሚል ነው። ሐሳቡ ለሰባና ሰማንያ ዓመት ያህል ሲገዛ ኖረ።

አሁን ወደ ፍርሃታችን ምንጭ ደረስን። በ1905 ሜዮ ክሊኒክ ውስጥ ሉዊ ዊልሰን የተባለ የላቦራቶሪ ሐኪም አንድ ዘዴ አበጀ። ቀዶ ሐኪሞቹ ሕመምተኛው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ማወቅ ይፈልጉ ነበር። ዊልሰን ናሙናውን አቀዝቅዞ ካደረቀው በኋላ በስሱ ቆርጦ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በደቂቃዎች ውስጥ በማይክሮስኮፕ መልስ ሰጠ። ታላቅ ግኝት ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል።

ነገር ግን ይህ ግኝት ከማደንዘዣውና ከሃልስቴድ ቢላዋ ጋር ሲገጣጠም አንድ ልማድ ወለደ። እብጠት ያገኘች ሴት ሆስፒታል ትገባለች። እብጠቱ ካንሰር ሆኖ ቢገኝ ጡቷ እንዲቆረጥ አስቀድማ ትፈርማለች። ታስተኛለች። እሷ እንቅልፍ ላይ ሳለች ናሙና ይወሰዳል፣ ላቦራቶሪ መልስ ይልካል። ካንሰር ካልሆነ ትንሽ ጠባሳ ይዛ ትነቃለች። ከሆነ እዚያው በዚያው ጡቱ፣ ጡንቻው፣ እጢው ይሄዳል። ውጤቱን የምታውቀው ስትነቃ ደረቷን ዳብሳ ነው።

«ከገባሁ ይቆርጡታል» ማለት ይህ ነው። ይህን ያደርጉ የነበሩት ሐኪሞች ጨካኞች አልነበሩም፤ ካንሰር አንድ ቀን እንኳ ጊዜ አይሰጥም ብለው ያምኑ ነበር። ግን «ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄና «ምን ይደረግ?» የሚለው ውሳኔ አንድ ላይ ተሰፍተው ነበር። በሁለቱ መካከል ሴትዮዋ የምትናገርበት አንዲት ደቂቃ አልነበረችም።

ስፌቱን የተረተሩት

በ1971 ባቤት ሮዝመንድ የተባለች የኒው ዮርክ ጸሐፊና የመጽሔት አርታኢ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ የሚፈቅደውን ወረቀት አልፈርምም አለች። ናሙናው ካንሰር መሆኑን ካወቀች በኋላም እብጠቱን ብቻ የሚያወጣላት ሐኪም ፈልጋ ክሊቭላንድ ድረስ ሄደች። በ1972 በብዕር ስም መጽሐፍ አሳተመች።

በዚያው በ1972 በ1930ዎቹ በልጅነቷ ዓለምን ያስደመመችው የፊልም ተዋናይ ሸርሊ ቴምፕል ብላክ እብጠት ተገኘባት። እሷም መጀመሪያ ናሙናው ይወሰድ፣ ልንቃ፣ ከዚያ የምወስነው እኔ ነኝ አለች። ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ጡቷም በገዛ ውሳኔዋ ወጣ። ሴቶች ፈርተው ቤት እንዳይቀመጡ በአደባባይ ተናገረች፣ በመጽሔትም ጻፈች። ይህች ሴት በኋላ በጋና የአሜሪካ አምባሳደር ሆና አገልግላለች።

ትልቁ ጩኸት ግን በ1974 መጣ። ጄራልድ ፎርድ ፕሬዚዳንት ከሆኑ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ባለቤታቸው ቤቲ ፎርድ በመደበኛ ምርመራ እብጠት ተገኘባቸው። ሴፕቴምበር 28 ቀን ቀዶ ጥገና ክፍል ገቡ፤ በአሮጌው ልማድ ተኙ፣ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፣ ሳይነቁ ጡታቸው ተቆረጠ። ዋይት ሐውስ ግን አልደበቀም። የቀዳማዊት እመቤት ጡት የጋዜጦች የፊት ገጽ ወሬ ሆነ! ሴቶች ለምርመራ ጎረፉ። ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጩት የኔልሰን ሮክፌለር ባለቤት ሃፒ ሮክፌለርም ወሬውን ሰምተው ራሳቸውን ቢዳብሱ እብጠት አገኙ፤ በሳምንታት ውስጥ እሳቸውም ታከሙ።

እዚህ ላይ የኛዋ ሴት ትመጣለች። ሮዝ ኩሽነር በሜሪላንድ የምትኖር ጋዜጠኛ ነበረች። በዚያው በ1974 በሰኔ ወር እብጠት አግኝታ፣ ናሙና ብቻ ወስዶ የሚያቆም ቀዶ ሐኪም ፍለጋ ብዙ ተንከራታለች። ካንሰር መሆኑን ስታውቅም የደረት ጡንቻዋን የማይነካ ሐኪም ለማግኘት ቡፋሎ ከተማ ድረስ ተጉዛለች። የቤቲ ፎርድን ነገር ስትሰማ ስልክ አንሥታ ዋይት ሐውስ ደወለች፤ ቀዳማዊት እመቤቷ መጀመሪያ ናሙና ብቻ እንዲሰጡ ለመለመን። የተሰጣት መልስ በኋላ እንደተረከችው ፕሬዚዳንቱ ወስነዋል የሚል ነበር። ልብ በሉ! ጡቱ የሚስትየው፣ ውሳኔው የባልየው።

ኩሽነር አልቅሳ አልቀረችም። ጋዜጠኛ የሚያደርገውን አደረገች፤ የሕክምና መጽሔቶችን አገላበጠች፣ ሐኪሞችን ጠየቀች፣ በ1975 መጽሐፍ አወጣች። ስብሰባ ላይ እየተነሣች ሐኪሞችን ትሞግት ነበር፤ አንዳንዴም በጩኸት ታስቆሟት ነበር። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ስለ ጡት ካንሰር ሕክምና የባለሙያዎች ጉባኤ ሲጠራ በሸንጎው ከተቀመጡት ውስጥ ሐኪም ያልሆነችው እሷ ብቻ ነበረች። ጉባኤው ናሙናና ቀዶ ጥገና በሁለት የተለያዩ ደረጃዎች እንዲሆኑ መከረ። የሃልስቴድም ቀዶ ጥገና የተለመደ ሕክምና መሆኑ ይቅር አለ።

ሳይንሱም ከሴቶቹ ጎን ቆመ። በርናርድ ፊሸር የተባለው ቀዶ ሐኪም በ1985 ባሳተመው ጥናት በጊዜ የተገኘን ካንሰር እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን በጨረር ማከም፣ ሙሉውን ጡት ከማውጣት ያላነሰ ዕድሜ እንደሚሰጥ አሳየ። በ2002 የ20 ዓመቱ ክትትል ሲወጣም ውጤቱ ያው ነበር። ሮዝ ኩሽነር ይህን የመጨረሻውን አላየችም፤ በ1990 በካንሰሩ ሞታለች።

ሦስቱ ምስክሮች

ታዲያ ዛሬ አንዲት እብጠት ምን ትባላለች? ሐኪሞች እንደ ጥሩ ዳኛ ሦስት ምስክር ይጠራሉ።

አንደኛው የጥንቱ የግብፅ ሐኪም እጅ ነው። ይዳብሳል፣ ይጠይቃል፦ መቼ ታየ? ከወር አበባ ጋር ይለዋወጣል? ከቤተሰብ ማን ታሟል? ቆዳው ተሰርጉዷል ወይ? የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል ወይ? ደም ወይም ፈሳሽ አለ ወይ? ብብት ውስጥስ?

ሁለተኛው ምስል ነው። የበርሊኑ ቀዶ ሐኪም አልበርት ሳሎሞን በ1913 ተቆርጠው የወጡ ጡቶችን በራጅ አንሥቶ ካንሰር በምስል እንደሚለይ አሳየ፤ የማሞግራፊ አያት እሱ ነው። አልትራሳውንድን በጡት ላይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሞከረው ደግሞ ጆን ዋይልድ ነው። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በማሞግራፊ አጥርቶ አይታይም። ስለዚህ ከ30 ዓመት በታች ለሆነች ሴት ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው አልትራሳውንድ ነው፤ ውኃ የቋጠረውን ከጠጣሩ ይለያል።

ሦስተኛው መርፌ ነው። በ1930 በኒው ዮርኩ ሜሞሪያል ሆስፒታል ማርቲንና ኤሊስ የተባሉ ባለሙያዎች በመርፌ ከእብጠት ውስጥ ጥቂት ሴሎች ስበው በማይክሮስኮፕ ማየት እንደሚቻል ጻፉ። በኋላ ስዊድናውያን አሻሻሉት። ማስተኛት የለም፣ ቢላዋ የለም። በእኛም አገር የጡት እብጠትን ለመለየት በብዛት የሚሠራበት ይኸው የመርፌ ናሙና ነው። ቀጭኑ መርፌ ያልፈታውን ወፈር ባለ መርፌ የሚወሰድ ናሙና ይፈታዋል።

ሦስቱ ከተስማሙ ፍርዱ ይታመናል። አንዱ ካፈነገጠ ግን ፋይሉ አይዘጋም። «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ችላ አይባልም። በወጣት ሴቶች ላይ የሚገኘው አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም። ሆኖም ወጣት መሆን ብቻውን ምስክር አይሆንም። እያጠባሁ ነው፣ ወተት ነው ብሎ መተውም እንዲሁ፤ ወተት ከሆነ ይጠፋል። አንድ የወር አበባ ዙር አልፎ ያልጠፋ እብጠት መታየት አለበት። የደነደነ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ቆዳ የሚስብ ወይም ደም የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ያንንም አይጠብቁም። ወንዶችም «የሴት ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን አትለፉት፤ በጣም አልፎ አልፎም ቢሆን የወንድ ጡትም ይታመማል።

ወደ ነጠላዋ ስንመለስ

አማርኛችን ካንሰርን ነቀርሳ ይለዋል። ሳንባ ነቀርሳንም እንዲሁ። አንድ ስም ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች! የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን አንዳንዴ ጡት ላይም እብጠት ያወጣሉ፤ ያ ደግሞ በመድኃኒት የሚድን ነው። ስሙን ብቻ ሰምቶ ተስፋ መቁረጥ ምን ያህል እንደሚያሳስት እዩ።

ግን ታሪኩ እዚህ በደስታ አያልቅም። በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱትም ዘግይተው ነው። ጡትን ሳያወጡ ማከም ጨረር ይፈልጋል፤ የጨረር ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚሰጠው። ስለዚህ አክስትየዋ ያለ ጡት ወጥታ ቢሆን ሐኪሞቿ በደሏት ማለት አይደለም። ምናልባት ያ ቢላዋ ነው ያቆያት። ዛሬም በሕይወት አለች። የበደላት ዝምታው ነው። ሳትገባ ምን ሊደረግ እንደሚችል የነገራት የለም፤ ከወጣች በኋላም እንዴት ነሽ ያላት የለም። ያ ዝምታ ነው አንዲት ትንሽ ልጅ «ከገባሁ ይቆርጡታል» የሚለውን ብቻ ይዛ እንድታድግ ያደረጋት።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን አነበብንላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ የጠየቀችን አንድ ጥያቄ ነው፦ «ማለት፣ ገብቼ ልወጣ እችላለሁ?» አዎ። ትገቢያለሽ፣ ትወጫለሽ፣ ወረቀቱን ነቅተሽ ታነቢያለሽ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ ትወስኛለሽ።

ባለፈው ሰኞ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሟ ዳበሰቻት፣ አልትራሳውንድ ታየች፣ መርፌው ገብቶ ወጣ። «ይኸው ነው?» አለች ጓደኛችን ሸሚዟን እየቆለፈች። ማታ አክስቷ ጋ ደወለች፤ ስለዚያ ነገር ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ።

ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል። ይህን ስንጽፍ ገና ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ግን አራት ሆነን ነው የምንሄደው፤ አክስትየዋም ትመጣለች።